በሙዳይ ውስጥ የኖረች ተዋናይት

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ንጉሥ፣ ጦርነትና ውል ነው። ትምህርት ቤትም ያስለመደን ይህንኑ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ግን የሚነሣው ከመዳፍ ብዙም ከማትበልጥ አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ፖስትካርድ ናት። በላይዋ የአንዲት የመድረክ ተዋናይት ፎቶግራፍ አለ፤ በግርጌዋ ደግሞ ተዋናይቱ በገዛ እጇ የጻፈችው ስም። ይህች ካርድ ሐርቡ ውስጥ በአንድ ቤት ከስድሳ ዓመት በላይ ተቀምጣለች። እኛም ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አይተናታል።

ሐርቡን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ ከሚሴ ታልፎ፣ ኮምቦልቻ ሳይደረስ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የምትገኝ የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት። ደሴ ብርድ ነው፤ ሐርቡ ሙቀት ነው። ከደሴ ጋቢ ደርቦ የወረደ ሰው ሐርቡ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ይጥላል። ከመካከላችን አንዱ የሐርቡ ልጅ ስለሆነ፣ «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብሎ ወደ አያቱ እኅት ቤት ወሰደን። እኒህ እማማ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ተዋናይቱ ታላቅ እኅታቸው ነበሩ።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ ስለ ካርዷ አንድም ቃል አልተነሣም። ወሎ ውስጥ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ የመጣበትን ጉዳይ አያስቀድምም፤ እኛም ዝም አልን። ኋላ እማማ ራሳቸው ተነሥተው ከጓዳ አንድ አሮጌ ሙዳይ ይዘው መጡ። ከውስጡ አንድ አምባር፣ አንድ የተቋጠረ ሽቶ ነገር፣ ከዚያም በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለችውን ካርድ አወጡ። «ጀባ፣ ልጆቼ። እጃችሁን ግን ጥረጉ» አሉን። ጠረግን።

በካርዷ ላይ ያለችው ሴት ወጣት ናት። ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ አንድ እጇን በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ከበስተኋላዋ ዓምድ የተሣለበት መጋረጃ ይታያል። በፎቶግራፉ ቀኝ ግርጌ በሰማያዊ ቀለም ስሟ ተጽፏል። በጀርባው በኩል «ለናቴ ማስታወሻ፤ ጥር 1951 ዓ.ም.» የሚል አለ። ከላይ በኩል «ካርት ፖስታል» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ታትሞበታል። ቴምብር ግን የለበትም፤ የፖስታ ቤት ማኅተምም የለበትም። ካርዷ በፖስታ አልተላከችም። በአንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ እጅ ነው የመጣችው።

እዚህ ላይ ስለ ፖስትካርድ አመጣጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሕጋዊ ፖስትካርድ የወጣው በኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1869 ነው። ያኔ ሥዕል አልነበረበትም፤ በአነስተኛ ዋጋ አጭር ቃል መላኪያ ብቻ ነበር። ሥዕልና ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ አውሮፓን ያጥለቀለቀው ከእ.ኤ.አ. 1900 ወዲህ፣ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፋቸው በገፍ ከሚታተምላቸው ሰዎች ዋነኞቹ የመድረክ ተዋናዮች ነበሩ። የፈረንሳይቱ ሣራ በርናር በፓሪስ፣ ሌሎቹም በለንደን መደብር ለመደብር ይሸጡ ነበር። ተመልካቹ ካርዱን ይገዛና በቲያትር ቤቱ የኋላ በር ቆሞ፣ ተዋናይቱ ስትወጣ «ይፈርሙልኝ» ይላል። ኋላ ፈራሚዎቹ ስለ ታከቱ፣ አሳታሚዎች ፊርማውን ከፎቶግራፉ ጋር አብረው ያትሙት ጀመር። ስለዚህ ዛሬ «ፊርማ አለበት» የሚባለው አሮጌ ካርድ ሁሉ እጅ የነካው አይደለም።

ይህን ስለምናውቅ የሐርቡዋን ካርድ በመስኮቱ ብርሃን ወደ ጎን አዘንብለን አየናት። ከፎቶግራፉ ጋር የታተመ ፊርማ ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆኖ ነው የሚታየው። በብዕር የተጻፈ ከሆነ ግን ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፤ የፎቶ ወረቀት ገጽ ለስላሳ ስለሆነ ቀለሙ አልፎ አልፎ ይቋጠራል፣ ብዕሩም ያመነታበት ቦታ ይታወቃል። ይህችኛዋ ላይ ቀለሙ ከላይ ነው። ሁለተኛው ፊደል ላይ ብዕሩ ቆሟል። እማማም ምርመራችንን አይተው ሳቁ። «እኔ ሳልነግራችሁ ነው እንዴ የምታምኑት?» አሉ። አፈርን፤ ግን መመርመራችንን አልተውንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊ ፖስታ በአፄ ምኒልክ አዋጅ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት ፓሪስ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1901 ዓ.ም. ነው። ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥት የታወቀ ሞያ የሆነው እንደ ቤድሮስ ቦያጂያን ባሉ አርመኖች እጅ ነው፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሞያውን ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ኋላ የፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት ሰው «ፖስትካርድ አንሣኝ» ይል ጀመር። በእኛ አገር አነጋገር ፖስትካርድ ማለት የሚላክ ነገር ብቻ ሳይሆን የፎቶው መጠን ነው። ፎቶ ተነሥቶ፣ በጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ መስጠትም የኛው ወግ ሆነ። ፈረንጁ ለማያውቀው ተመልካች ይፈርማል፤ የኛ ሰው ለሚያውቀው ዘመድ ይፈርማል። የሐርቡዋ ካርድ ሁለቱንም ናት። ተዋናይት ናት፤ የፈረመችው ግን ለናቷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። በ1951 ዓ.ም. አንዲት የሐርቡ ልጅ ተዋናይት ነኝ ብላ ፎቶ መላኳ ምን ማለት ነበር?

ዘመናዊ ቲያትር ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት መሆኑ ይታወቃል፤ ርእሱም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። ደራሲው ሩሲያ የተማሩ ሰው ነበሩ። ተውኔቱ የአስተዳደሩን ብልሹነት በአውሬ አስመስሎ ስለ ተቸ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በኋላ ቲያትር እንደገና ሲያንሰራራ፣ እንደ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ያሉ መምህራን በየትምህርት ቤቱ ያዘጋጁት ነበር። ታዲያ ሴት የለችበትም። የሴቷን ቦታ የሚጫወተው ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ የሚወጣ ወንድ ልጅ ነበር። ንግሥትም ብትሆን፣ እናትም ብትሆን፣ ሙሽራም ብትሆን ወንድ ነው። ተመልካቹም አይደንቀውም ነበር።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ የአገር ፍቅር ማኅበር በመኮንን ሀብተ ወልድ ዋና አስተባባሪነት ተቋቋመ። ዓላማው ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በተውኔት ለመቀስቀስ ነበር። ወረራው አቋረጠው፤ ከነፃነት በኋላ ግን ተመልሶ የዛሬው የሀገር ፍቅር ቲያትር ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተመረቀ፤ ይኸውም ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ነው። የመክፈቻው ተውኔት የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር። በነዚህ ዓመታት ነው እንግዲህ ሴቶች ወደ ዘመናዊው መድረክ የወጡት። ከፊተኞቹ መካከል የሰላማዊት ገብረ ሥላሴና የአስናቀች ወርቁ ስም ይነሣል። አስናቀችን ብዙ ሰው የሚያውቃት በክራሯ ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የመድረክ ተዋናይት ነበረች። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው።

እነዚህ ሴቶች መድረክ ላይ ሲወጡ ጭብጨባ ነበር፤ ሲወርዱ ግን የሚጠብቃቸው ስም ሌላ ነው። «አዝማሪ» ይባላሉ። ቃሉ ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ፣ አመስጋኝ ማለት የነበረ ሲሆን፣ በሰው አፍ ወርዶ ወርዶ ስድብ ሆነ። ለሴቷ ደግሞ ስድቡ እጥፍ ነው። በማታ ከቤት ወጥታ፣ በሰው ፊት ቆማ፣ የሌላ ሰው ሚስት መስላ የምትናገር ሴት ጨዋ ልትሆን አትችልም ተብሎ ተፈርዶባታል። ቤት የሚያከራያት እንኳ ታጣ ነበር።

የሚያስገርመው ይህ ፍርድ በወሎ ምድርም መጽናቱ ነው። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወረሱት ከወሎ ነው። ኋላም በደርግ ጊዜ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያወጣው የላሊበላ የኪነት ቡድን መቀመጫው ደሴ ነበር። ዘፈኑን እንወዳለን፤ ዘፋኟን ግን «የኔ ልጅ አትሁንብኝ» እንላለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ አመል ዛሬም ሙሉ በሙሉ አለቀቀንም።

የሐርቡዋ ልጅ ታሪክ እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ያለው። እማማ እንዳወጉን ከሆነ፣ እኅታቸው በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ተድረው ነበር። ባልየውን ትተው አባታቸው ቤት ተመለሱ፤ አባትየው መልሰው ላኳቸው። ሁለተኛ ጊዜ ሲወጡ ወደ አባታቸው ቤት አልተመለሱም። ኢጣሊያ በሠራው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተው፣ በአንድ የጭነት መኪና ጣርማ በርን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። መጀመሪያ በሰው ቤት አገለገሉ። ከዚያ ድምፃቸውን የሰማ ሰው ወደ ቲያትር ወሰዳቸው። በኅብረ ዝማሬው ገቡ፤ ኋላም አነስተኛ ቦታ ይሰጣቸው ጀመር፤ የገረድ፣ የጎረቤት፣ የአልቃሽ። ማንበብና መጻፍ የተማሩትም እዚያው ነው። ቃላቸውን ማጥናት ስላለባቸው ፊደል ቆጠሩ።

ይህችን ነገር በቀላሉ አናልፋትም። በዚያ ቤት እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን መጻፍ የሚችል ሰው አልነበረም። አባትየው ለመሬት ግብር የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። እንግዲህ ያቺ ፊርማ የዝና ፊርማ ብቻ አይደለችም። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ በባለቤቱ እጅ የተጻፈ የመጀመሪያው ስም ነው፤ የጻፈችውም ሴት ናት። ሁለተኛው ፊደል ላይ ብዕሩ የቆመው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን።

ካርዷ ስትደርስ የመንደሩ አንድ ተማሪ ለናቲቱ አነበበላቸው። አባትየው ሰሙ። «አዝማሪ ልጅ የለኝም፤ ያንን ወረቀት እሳት ውስጥ ጣይው» አሉ። እናቲቱ «እሺ» አሉ። በወሎ እሺ ማለት አንዳንዴ እንቢ ማለት ነው። ካርዷ ሙዳይ ውስጥ ገባች፤ ከአምባሩ ሥር። እናቲቱ ልጃቸውን ሲናፍቁ አምባር ለማውጣት መስለው ሙዳዩን ይከፍታሉ። «አምባሩን ግን ሲያደርጉት አይቼ አላውቅም» አሉን እማማ።

ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ረኃቡ መጣ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የወረደውን መከራ አንባቢ ያውቀዋል። መንግሥት ሸሸገው። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው የሄዱ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪውም ተነሣ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አሳየው። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም መሐመድ አሚን ያነሣው ሥዕል ደግሞ ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። እነዚያ ሥዕሎች ሰው አትርፈዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ወሎን ዓለም ያወቃት በነዚህ ሥዕሎች ነው፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ስም የላቸውም። ማን አነሣቸው የሚለው ተጽፏል፤ ማን ናቸው የሚለው አልተጻፈም። «ለማስታወሻ» ብሎ የፈረመ የለበትም። የሐርቡዋ ካርድ ከነዚያ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ይህችም የወሎ ሴት ፎቶግራፍ ናት፤ ነገር ግን እንዴት እንደምትቆም የመረጠችው ራሷ ናት፤ ስሟንም ራሷ ጽፋበታለች።

በ1966 ዓ.ም. አንድ አሽከርካሪ ሐርቡ ቆሞ፣ ቤቱን ጠይቆ፣ ለናቲቱ ሃምሳ ብር አስረከበ። ከወር በኋላ ሌላ መጣ። ቤቱ ከዚያ ዘመን የወጣው በዚያ ገንዘብ ነው። እማማ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባባ ገንዘቡ ከማን እንደ መጣ አልጠየቁም። አውቀው ነው። አንድ ማታ ግን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን፣ ‹እስቲ ያቺን ወረቀት አምጪ› አሉ። እማዬ ደነገጡ። ለካስ እንዳልተቃጠለች ያውቁ ኖሯል። ብዙ ጊዜ አዩዋት። ‹የቱ ላይ ነው ስሟ?› አሉ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን አሳረፉበት።»

ካርዷን መልሰን አየናት። ከፊርማው አጠገብ አንድ ደብዛዛ ነጠብጣብ አለ። የእጅ ወዝ በፎቶ ወረቀት ላይ ከቆየ ምልክት እንደሚተው የታወቀ ነው። የማን ጣት እንደሆነ የሚመሰክርልን እማማ ብቻ ናቸው። እኛም ይህንን በመስኮት ብርሃን አልመረመርነውም።

እኅትየው በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት መድረክ ለቀው፣ ኋላም አዲስ አበባ አርፈዋል። ቲያትር በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት የሆነው በ1970ዎቹ መግቢያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ይዛ መድረክ የወጣች ሴት ብዙ ናት። እሳቸው ግን የኅብረ ዝማሬና የትንሽ ቦታ ሰው ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ ይህን ይዞ ተከራከረን። «ዝነኛ ካልሆነች ፊርማዋ ምን ዋጋ አለው? ታሪክስ እንዴት ይባላል?» አለ። መልሳችን ይህ ነው። ዋነኛዋ ተዋናይት ንግሥት ሆና ስትቆም ከኋላዋ የሚያለቅስ፣ የሚዘምርና ውሃ የሚያቀርብ ሰው ከሌለ መድረኩ ባዶ ነው። በመንደሩ አዝማሪ የተባለችው ዋነኛይቱ ብቻ አይደለችም፤ ሁሉም ናቸው። ዋጋውን እኩል ከከፈሉ ታሪኩንም ሊካፈሉ ይገባል።

የመጨረሻው ፈተና የቅርቡ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ በዚያ አውራ ጎዳና ላይ የነበረ ሕዝብ ሸሸ። የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘረፈ። እማማም ከልጆቻቸው ጋር ከቤት ወጡ። የያዙት መታወቂያ፣ የመሬት ደብተርና ሙዳዩን ነው። «ሥንቁስ?» ብንላቸው፣ «ሥንቅ እግዜር ያውቃል» አሉ። በኅዳር መጨረሻ ሲመለሱ ቤቱ ተበርብሮ አገኙት። ካርዷ ግን በደረታቸው ነበረች።

አሁን የልጅ ልጃቸው «ላሚኔት ላሠራት» ይላል። እኛ ተው አልነው። በጋለ ፕላስቲክ የታሸገ ፎቶ ተመልሶ አይወጣም፤ ቀለሙንና ወረቀቱን ያበላሻል። ማጣበቂያ ፕላስተርም አይነካት። ከፀሐይና ከእርጥበት ርቃ፣ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልላ ትቀመጥ፤ ገልባጩን በስልክ አንሥቶ ማስቀመጥ ይቻላል አልነው። የእማማ ነጠላና ሙዳይ ይህን ሥራ እስካሁን መልካም ሠርተውታል።

ልንሰናበት ስንል አንድ ነገር ለመንን። በዚህ ጽሑፍ ላይ የእኅታቸውን ስም እንድናወጣ ይፈቅዱልን እንደሆነ ጠየቅናቸው። እማማ በረካውን እየቀዱ ትንሽ አሰቡ። ያፈሩ መስሎን ነበር፤ አላፈሩም።

«እናንተ ለምን ትጽፉታላችሁ? እሷ ጽፋዋለች» አሉ። «ማየት የፈለገ ይምጣ፤ ቡና አለ።»

ስለዚህ አልጻፍነውም። መንገዱ ግን ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ነው።